የግል መረጃን በማኅበራዊ ሚዲያ ማጋለጥ
የሰውን ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ቦታና መኖሪያ እንደ ፌስቡክና ቴሌግራም ባሉ መድረኮች፣ በባለቤቱ ፈቃድም ይሁን ያለ ፈቃዱ፣ ማሰራጨት ሲሆን፣ ልጥፉ ቢጠፋ እንኳ ሌሎች ቀድተው ስለሚያስቀሩት ጉዳቱ በቀላሉ አይቀለበስም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባቸው እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች የአንድ አጥር ፎቶግራፍ ብቻውን ቤቱን ሊያሳውቅ ይችላል። በጎጃም ምድር አስከፊው ምሳሌ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ናቸው፤ ስማቸውን የሚያጠፉ ልጥፎች ከፎቶግራፋቸው ጋር በፌስቡክ ከተሰራጩ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ፤ ልጃቸውም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ልጥፉ ሐሰት ከሆነ ደግሞ፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል።