የአማተር ራዲዮ ታሪክና የጋምቤላ ሰማይ

በ1894 ዓ.ም. እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በታኅሣሥ ወር ማርኮኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ከእንግሊዝ አገር የተላከችውን አንዲት የሞርስ ፊደል፥ ሦስት ነጥብ ብቻ፥ ያለ ሽቦ ውቅያኖስ ተሻግራ በኒውፋውንድላንድ ሰማኋት አለ፤ ያላመኑትም ነበሩ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተዋውለው፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ጣቢያው በ1896 ዓ.ም. የተተከለው ግን ከኢታንግ ሽቅብ ነው፤ ይኸውም ከተማችን ጋምቤላ ነው።

የባሮ መንገድ የክረምት መንገድ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል ግን መርከብ አይደርስም። ጣቢያው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ፤ ያ የመርከብ ንግድም ዛሬ የለም።

ወደ ራዲዮው እንመለስ። ማርኮኒ ለንግድ ሲሠራ ሌሎች ደግሞ ዕቃውን በገዛ እጃቸው እየጠመጠሙ ለሥራው ፍቅር ብቻ ይደክሙ ነበር፤ አማተር መባላቸውም ስለዚህ ነው። በ1904 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ሕግ ረጅሙ ሞገድ ለመርከቦችና ለመንግሥት ሲሆን፥ ለአማተሮች ከ200 ሜትር በታች ያለው ተተወላቸው። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ አጭር ሞገድ ሩቅ አይሄድም ይሉ ነበርና የተሰጣቸው ጠፍ መሬት ነበር ማለት ይቻላል። እነርሱ ግን ጠፉን አረሱት። በኅዳር 1916 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያንና ኒስ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የነበረው ሌዎን ደሎይ በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ አትላንቲክን አሻግረው ተነጋገሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከምድር በላይ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው ንብርብር አለ፤ አጭሩ ሞገድ እስከዚያ ወጥቶ ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከ12 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፥ የፋሺስት ጦር በድንበራችን ተሰልፎ ሳለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ንግግር አደረጉ፤ እቴጌ መነንም በዚያው ሰሞን ለዓለም እናቶች ተናገሩ። ድምፃቸው የተጓዘው በዚያው በአጭር ሞገድ ነው። (ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ መሆኑ የሚያስገርም ነው።) ስለ ንግግሩ ብዙ ተጽፏል፤ መንገዱን እነማን እንዳቀኑት ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ጋምቤላ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸች ትመስለናለች። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመው፥ አገራችን በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስላለች ነው። በዚህ ወገብ ላይ ቀን ቀን በሰማይ የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብርቱ ነው። ጋምቤላም ከወገቡ ሩቅ አይደለችምና፥ የሰማውን ጣቢያ ከነሰዓቱ በደብተር የሚጽፍ ተማሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም የያዘው።

ጀማሪ አስቀድሞ ማዳመጥ ይገባዋል። የአማተሮችን ንግግር ለይቶ የሚያሰማ የአጭር ሞገድ መቀበያና ሽቦ ይበቃዋል፤ ለ14 ሜጋኸርዝ ከመካከሉ የተከፈለ፥ በጠቅላላው 10 ሜትር የሆነ ሽቦ በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ይዘረጋል። ቀን በዚህ፥ ሌሊት በ7 ሜጋኸርዝ ማዳመጥ ይሻላል። መላክ ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ የፈቃድ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። የአገራችን የጥሪ ስም በ«ኢ.ቲ.» ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ 5 ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ «ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ.» ይባላል።

ሰማዩ ሲጠቁር ሽቦውን ከመቀበያው ነቅሎ ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው። መብረቅ በሌለበት ቀን እንኳ የሩቁ ነጎድጓድ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይንጫጫል፤ ስለዚህ ለማዳመጥ የሚሻሉት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው፤ ባሮ ጎድሎ መርከብ የማይደርስባቸው የነበሩት ማለት ነው።