ለእኛ ሲበራ ለማን ጨለመ? የመኪና የፊት መብራት አጭር ታሪክ

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት አሮጌ ኮሮላውን «አሻሻለ»። ማሻሻል ያለው ሌላ ሳይሆን የፊት መብራቱን ቢጫ አምፑሎች አውጥቶ ወተት የመሰለ ነጭ ብርሃን የሚረጩ የኤልኢዲ አምፑሎች መግጠሙን ነው። በዚያው ሳምንት አመሻሽ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ ሁላችንም አደነቅንለት። አስፋልቱ ከፊታችን ቀን መስሏል። ሸኖን እንዳለፍን ግን ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ረጅም መብራት ብልጭ ያደርግብን ጀመር። ጓደኛችንም «ዛሬ ሰው ምን ነክቶታል?» እያለ ተነጫነጨ። እሱ የያዘው አጭር መብራት ነዋ! የገባን አንድ አይሱዙ ጥግ ይዞ ቆሞ እስክናልፈው ሲጠብቅ ነው። ከአይሱዙው ኋላ አህያ የሚነዳ ሰው ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ ቆሟል። ባለ አይሱዙው ባይቆም ኖሮ ያ ሰው ማን ሊያየው ነበር?

የመብራትን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርነው ከዚያች ማታ ወዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የደረስንበትን ባጭሩ እንናገር፦ የመኪና መብራት ታሪክ ብርሃን የመጨመር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑን ከሌላ ሰው ዓይን የማራቅ ታሪክም ነው።

1907 አልፎ 1908 በሚገባበት ሰሞን የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አጼ ምኒልክ ዘንድ ሲደርሱ፣ የዓለም መኪኖች በዘይት ፋኖስ ወይም በአሴቲሊን ጋዝ ነበር የሚያበሩት። ካልሲየም ካርባይድ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ጋዝ ይወጣል፤ እሱን በክብሪት መለኮስ ነው። ኤሌክትሪኩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻና መብራት አንድ ላይ ገጠመ። ፎርድም በ1915 ሞዴል ቲ ላይ የኤሌክትሪክ የፊት መብራት አደረገ፤ ግን ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ከሞተሩ ስለነበር መኪናው ዝግ ሲል መብራቱም አብሮ ይደክም ነበር። ለማየት ነዳጅ መርገጥ ግድ ነው ማለት ነው!

መብራቱ ሲበረታ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ታወረ። ከመፍትሔዎቹ ትልቁ በ1924 ኦስራም ያወጣው ቢሉክስ አምፑል ነው። በአንድ አምፑል ውስጥ ሁለት ክር፣ አንዱ ለረጅም፣ ሌላው ለአጭር። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ ተደርጋለች። ሥራዋ ብርሃኑ በታችኛው የአንጸባራቂ ክፍል ላይ እንዳያርፍ መከለል ነው፤ እዚያ ያረፈ ብርሃን ወደ ላይ ነጥሮ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባልና። ዛሬ በአሮጌ ቶዮታዎቻችን ውስጥ በብዛት የምናገኘው ኤች4 የተባለው አምፑል (በ1971 የወጣ ነው) ይህችን ጽዋ እስከ አሁን ይዟታል።

ሌሎችም በየፊናቸው ሞክረዋል። ፈረንሳዮች ከ1930ዎቹ አንስቶ እስከ 1993 ድረስ መኪኖቻቸው በቢጫ መብራት እንዲሄዱ አስገደዱ። አሜሪካኖች ከ1940 ጀምሮ አምፑሉን፣ አንጸባራቂውንና መስታወቱን በአንድ አሽገው ክሩ ሲቃጠል ሁሉንም መጣል ሆነ። ሕጋቸው የላላው በ1983 ነው።

በመሃሉ ሃሎጅን መጣ። በተራው አምፑል ውስጥ ከክሩ የሚተነው ተንግስተን መስታወቱን እያጠቆረ ብርሃኑን ያደክመዋል። የሃሎጅን ጋዝ ሲጨመርበት ግን የተነነው ብረት ወደ ክሩ ይመለሳል። ስለዚህ ክሩ ይበልጥ ግሎ ይበልጥ ማብራት ይችላል። የፈጠራ መብቱ በአሜሪካ የተመዘገበው በ1959 ሲሆን፣ ለመኪና የተሠራው የመጀመሪያው አምፑል በ1962 አውሮፓ ውስጥ ወጣ። በ1991 ቢኤምደብሊው ዜኖን አመጣ፤ በ35 ዋት ወደ 3000 ሉመን ገደማ የሚሰጥ ነው። የኤች4 አጭር መብራት 55 ዋት እየበላ የሚሰጠው 1000 ገደማ ነው። አውሮፓውያን ታዲያ ይህን ኃይል ዝም ብለው አልለቀቁትም። ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና የመብራት ማጠቢያ አብሮ ካልመጣ አይሆንም አሉ። ኤልኢዲ አጭር መብራትም በ2007 በሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች ሲመጣ ከነሙሉ ቤቱ ተነድፎ ነው።

የጓደኛችን ስህተት እዚህ ላይ ነው። አምፑሉን እንጂ ቤቱን አልቀየረም። አንጸባራቂው የተሰላው ቦታዋ በልክ ለታወቀች ቀጭን ክር ነው። የብርሃኑ ምንጭ ቅርጹም ቦታውም ሲቀየር ጨረሩ ወዳሻው ይበተናል። «እንደ ቀን በራ» ያልነውም ግማሹ ሽንገላ ነው፤ ቅርቡ አስፋልት ከልክ በላይ ሲደምቅ የዓይናችን ብሌን ይጠባል፣ ሩቁም ይጨልምብናል። በጀርመን እንኳ ለሃሎጅን ቤት የሚሆን ተቀያሪ ኤልኢዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በ2020 ነው፤ ያውም ተፈትሸው በስም ለተዘረዘሩ መኪኖች ብቻ።

ታዲያ በጨለማ እንንዳ? አይደለም። መጀመሪያ የመብራቱ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ከሆነ ይወልወል። ቀጥሎ ሽቦው ይታይ፤ አምፑሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ወፈር ያለ ሽቦና ሪሌ ብዙ አሮጌ መኪኖችን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ከዚያ በትክክለኛው ዋት የተሠራ ደህና ሃሎጅን መግጠም፣ መጨረሻም ከፍታውን ማስለካት። ባለ 100 ዋቱ ግን ሶኬቱንም ፕላስቲኩንም ሊያቀልጥ ይችላል። አንድ ነገር እንጨምር፦ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የዞረችው በ1964 ነው። ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት ግን አጭሩ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ በእኛ አገር ያ ማለት በቀጥታ ተቃራኒው ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ይህን ምንም ዓይነት አምፑል አያቃናውም፤ ቤቱ መለወጥ አለበት።

በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዘመን አብረውን ይኖራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው፤ የሚነዳውም፣ በእግሩ የሚሄደውም።

ጓደኛችን አምፑሎቹን መልሶ፣ ፕላስቲኩን አስወልውሎ፣ ሪሌ አስገጠመ። ባለፈው ወር ያንኑ መንገድ ማታ ሄድንበት። መንገዱ እንደ ቀን አልበራም፤ የሚታየው ግን በደንብ ይታያል። ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃንም ማንም ረጅም መብራት አላበራብንም።