የጉራጌ ፊደላት በኮምፒዩተር የቍጥር ሠንጠረዥ

የጉራጌን ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የተደረገው ጥረት ዕድሜው አጭር ቢሆንም ለጽሕፈት ታሪክ ተመራማሪ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊደላቱ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ቍጥር ያገኙበትን ሂደት መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰባት ቤት ቋንቋዎች ከንፈርን በማክበብ የሚነገሩ የመ፣ የበ፣ የፈ ድምፆች፣ እንዲሁም ወደ ላንቃ እየተሳቡ የሚለሰልሱ የቀ፣ የከ፣ የገ ድምፆች አሉ። እነዚህ የአነጋገር ለዛ ብቻ ሳይሆኑ ሰዋስው ናቸው። በቸሃ «ከፈት» የሚለው የግሥ ግንድ «ከፈተ» ሲሆን፣ «ከᎈት» ግን «ከፈተው» ማለት ነው። ለሴት የሚሰጥ ትእዛዝም ብዙ ጊዜ ከወንዱ የሚለየው ድምፅን በማለስለስ ነው። አማርኛ ሟ፣ ቧ፣ ፏ የሚሉ ፊደላት ቢኖሩትም እነዚህ ለአንድ አናባቢ ብቻ የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ ለቸሃ አይበቁም።

የግዕዝ ፊደል በመስከረም 1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ 345 ምልክቶች ቍጥር አገኙ፤ የሀ ቍጥር 4608 ሆነ። በመጋቢት 2005 ለሰባት ቤት ከንፈራዊ ድምፆች 16 ፊደላት፣ ወደ ላንቃ ለሚሳቡት ደግሞ 28 ፊደላት ተጨመሩ። የሚያስደንቀው፣ በዚሁ እትም ኻንዳ ታ የሚባለው የቤንጋሊ ፊደልም የራሱን ቍጥር ማግኘቱ ነው። ይህ ፊደል አናባቢ የሌለው ታ ሲሆን፣ ቀድሞ የሚጻፈው ታን፣ አናባቢ አጥፊውን ምልክትና አንድ የማይታይ አያያዥ በማቀናጀት ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ጽሕፈቶች ልዩነት ከዚህ ይታያል። ቤንጋሊ ቍጥር ያልተሰጠውን ፊደል ከሌሎች አገጣጥሞ ሊያሳይ ይችላል፤ በግዕዝ ግን እያንዳንዱ ቅርጽ ራሱን የቻለ ቍጥር ስላለው፣ ቍጥር የሌለው ፊደል ለኮምፒዩተር እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል።

ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። በመስከረም 2021 «ጉራጌ» በሚል ስም ሌሎች 28 ፊደላት ተጨመሩ። ከእነርሱም 11ዱ በሐ ቅርጽ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የቀሩት 17ቱ በመ፣ በቀ፣ በበ፣ በከ፣ በገ፣ በፈና በፐ ላይ የተሠሩ ከንፈራውያን ናቸው። ከነዚህ መካከል የመ፣ የበ፣ የፈና የፐ ከንፈራዊ ሣልሶችና ኃምሶች በ2005 በሌላ ቅርጽ ተመዝግበው ነበር። በዩኒኮድ ሕግ ደግሞ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቍጥር አይሻርም፣ ስሙም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሁለት ቍጥር ይዞ ቀረ፤ በአሮጌው የተጻፈውን ቃል በአዲሱ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። በተጨማሪም አዲሶቹ ቍጥሮች ከ124896 ይጀምራሉ። ይህም በ16 ቢት ሊያዝ ከሚችለው 65535 የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ያልተዘጋጀ ፕሮግራም አንዱን ፊደል እንደ ሁለት ይቈጥረዋል።

ታዲያ የ2005ቱ ምዝገባ ቸኵሎ ነበር ይባላልን? እንዲህ ማለት የሚገባ አይመስለኝም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ድርሰት በ1964 ለዓለም አንባቢ የደረሰው በቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ ትርጕም ነበር። ፊደሉ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ፣ ቋንቋው ከኮምፒዩተር ውጭ ሆኖ ሌላ 16 ዓመት ባለፈው ነበር። ይሁን እንጂ ዋጋው ተከፍሏል፤ የከፈለውም ገና በመወለድ ላይ ያለ ሥነ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በወልቂጤም ሆነ መስቃን በሚነገርበት በቡታጅራ ተረትና ምሳሌ የሚሰበስብ ተማሪ፣ በየትኛው ዓመት ፊደል እንደ ጻፈ በጽሑፉ መግቢያ ላይ ማመልከት አለበት፤ ይህ ከታወቀ አሮጌውን ወደ አዲሱ መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ፊት ሌላ ፊደል ከመጠየቁ በፊት የልዩ ልዩ ቤቶች ተናጋሪዎች በቅርጹ ላይ አስቀድመው ይስማሙ። በብራና የተሳሳተ ፊደል ይፋቃል፤ በዚህ ሠንጠረዥ የገባ ግን አይፋቅም።