ከመጠን ያለፈ ውፍረት መንስኤው ምንድን ነው? የሚቀርቡት ማብራሪያዎችና ለእርስዎ ያላቸው ትርጉም

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለው ጤናን እስከሚጎዳ ድረስ በሰውነት ውስጥ ስብ ሲከማች ነው። ለዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ በሽታ፣ ለስትሮክ፣ ለጉልበት ሕመም፣ በእንቅልፍ ጊዜ ለሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ይህ ችግር ነበረበት። በአዋቂዎች ላይ ያለው ስርጭት ከ1990 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሰነፍና ሆዳም ሆነ ማለት አያስኬድም። ታዲያ ምን ተለወጠ? ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ማብራሪያዎች፣ የቆሙበትን ማስረጃና ጉድለታቸውን ያስረዳል። በመጨረሻም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን እንደሚጠቅሙ ይገልጻል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋና ዋና ነጥቦች

• ውፍረት አንድ መንስኤ ብቻ የለውም። ምግብ፣ ዘር፣ አንጎል፣ አካባቢ፣ እንቅልፍ፣ መድኃኒትና ሕመም በየድርሻቸው ይገቡበታል።
• የመንስኤው ድርሻ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ ለጎረቤትዎ የሠራ መፍትሔ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።
• ክብደት መቀነስ የሚከብደው በፈቃደኝነት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ይከላከላል።
• ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንኳ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር ይጠቅማል።

ውፍረት እንዴት ይለካል?

የተለመደው መለኪያ ቢ.ኤም.አይ ይባላል። ክብደትዎን በኪሎ ግራም ይውሰዱና ለቁመትዎ በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። ለምሳሌ 82 ኪሎ የሚመዝንና 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው ውጤቱ 30 ገደማ ነው። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ይህ መለኪያ ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ የት እንዳለም አይናገርም። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ በተለምዶ ቦርጭ የምንለው፣ ከዳሌ ስብ የበለጠ ጎጂ ነው። ስለዚህ የወገብ ዙሪያም ይለካል። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ አደጋው ይጨምራል፤ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ሲያልፍ ከፍተኛ ይሆናል።

ማብራሪያ 1፦ ከሚወጣው የሚገባው ሲበልጥ

በጣም የታወቀው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ከምግብ የምናገኘው ኃይል (ካሎሪ) ከምናቃጥለው ሲበልጥ ትርፉ በስብ መልክ ይከማቻል። ይህ እውነት ነው፤ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ሰው የለም።

ጉድለቱ ምክንያቱን አለመንገሩ ነው። አንድ ቤተሰብ ለምን ዕዳ ውስጥ ገባ ሲባል «ወጪው ከገቢው ስለበለጠ» ብሎ መመለስ ትክክል ነው። ነገር ግን ሥራ ጠፍቶ ይሁን፣ ሕመም ገብቶ ይሁን፣ የቤት ኪራይ ጨምሮ ይሁን አይነግረንም። የቀሩት ማብራሪያዎች ሁሉ የሚከራከሩት በዚህ «ለምን» ላይ ነው።

ማብራሪያ 2፦ ስኳር፣ ካርቦሃይድሬትና ኢንሱሊን

አንዳንድ ተመራማሪዎች ዋናው ጥፋተኛ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ነው ይላሉ። እነዚህ ምግቦች በደም ውስጥ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኢንሱሊን ደግሞ ስብ እንዲከማች ያዛል፤ ሰውየው ቶሎ ይርበዋል ነው ክርክራቸው።

ይህ ሐሳብ ተፈትኗል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት 609 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ አንደኛው ቅባት እንዲቀንስ፣ ሁለተኛው ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ አደረጉ። ከ12 ወር በኋላ የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ቀነሰ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በሁለቱም ቡድኖች ግን ብዙ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፦ ቅባት መቀነስም ካርቦሃይድሬት መቀነስም ሊሠራ ይችላል፤ የተሻለው እርስዎ ለረጅም ጊዜ ሊቀጥሉበት የሚችሉት ነው። እንጀራን ብቻውን መውቀስም ትክክል አይደለም። ምን ያህል እንደሚበላ፣ ወጡ ምን ያህል ዘይት ወይም ቅቤ እንደገባበት አብሮ መታየት አለበት። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን በሁሉም ወገን ይነቀፋሉ፤ ብዙ ካሎሪ ይሰጣሉ፣ ጥጋብ ግን አይሰጡም።

ማብራሪያ 3፦ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች

ሦስተኛው ወገን ዋናው ነገር ቅባት ወይም ስኳር ሳይሆን የምግቡ አሠራር ነው ይላል። ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሞርታዴላና እንደ ኢንዶሚ ያሉ ፈጣን ምግቦች ለስላሳ ሆነው፣ ጣዕማቸው ተጠንቶ፣ በፍጥነት እንዲበሉ ሆነው ይሠራሉ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2019 በታተመ ጥናት 20 ጎልማሶች በአንድ ማዕከል ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በቀረበው ምግብ ውስጥ ያለው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር እኩል እንዲሆን ተደርጓል፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዷል። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም 0.9 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ወደ ሌላው ሲዞሩ ያንኑ ያህል ቀነሱ።

ጥናቱ ትንሽና አጭር ነው። ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል፦ ያው ሰው፣ ያው ፈቃድ ይዞ፣ የቀረበለት ምግብ ሲለወጥ የሚበላው መጠን ይለወጣል።

ማብራሪያ 4፦ የእንቅስቃሴ ማነስ

መኪና፣ ሊፍት፣ ቴሌቪዥንና የቢሮ ወንበር እንቅስቃሴያችንን ቀንሰዋል። ስለዚህ ብዙዎች ውፍረትን ከመቀመጥ ጋር ያያይዙታል።

በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩት ሐድዛዎች አሁንም በአደንና ፍራፍሬና ሥራ ሥር በመልቀም የሚተዳደሩ ናቸው፤ በየቀኑም ብዙ ይራመዳሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ግን፣ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ፣ በቀን የሚያቃጥሉት ኃይል በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ሰዎች የተለየ እንዳልሆነ አሳየ። ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን በሌላ በኩል የሚቆጥብ ይመስላል።

ይህ ማለት ግን ስፖርት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ ነገር ግን የቀነሰው ክብደት እንዳይመለስ ይረዳል፤ ሚዛኑ ባይወርድም እንኳ ልብን፣ የደም ስኳርንና መንፈስን ይጠቅማል።

ማብራሪያ 5፦ ዘር

«በቤታችን ሁሉም ወፍራም ነው» የሚሉ ሰዎች መሠረት አላቸው። በዴንማርክ በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎች ላይ በ1986 የታተመ ጥናት፣ የልጆቹ የሰውነት ውፍረት ከወለዷቸው ወላጆች ጋር እንጂ ካሳደጓቸው ጋር እንደማይመሳሰል አሳይቷል። በ1994 ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ተገኘ። የሚሠራው ስብ ራሱ ሲሆን፣ «በቂ ክምችት አለ» የሚል መልእክት ለአንጎል ያደርሳል። በተፈጥሮ ይህን ሆርሞን ማምረት የማይችሉ ጥቂት ሕፃናት ማቆሚያ የሌለው ረሃብ አለባቸው፤ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ይሻላቸዋል።

ሆኖም የሰው ዘር በሠላሳ ዓመት አይለወጥም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የፒማ ሕዝብ ነው። ከፊሉ በአሜሪካ አሪዞና፣ ከፊሉ በሜክሲኮ ተራሮች ይኖራል፤ በዘር ይዛመዳሉ። በ2006 በታተመ ጥናት በአሪዞና ካሉት አዋቂዎች 38 በመቶ የስኳር በሽታ ሲኖርባቸው፣ በእርሻ ከሚተዳደሩት የሜክሲኮዎቹ ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የአሪዞናዎቹ በውፍረትም እጅግ ይበልጡ ነበር።

ወደ እኛ የቀረበ ምሳሌም አለ። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በአዲሱ አገር ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው በግልጽ እንደጨመረ ሐኪሞች መዝግበዋል። ዘር ዝንባሌውን ይሰጣል፤ አካባቢ ያወጣዋል።

ማብራሪያ 6፦ ሰውነት ክብደቱን ይከላከላል

ክብደት ቀንሰው መልሰው የጨመሩ ከሆነ ይህን ክፍል ልብ ብለው ያንብቡ። አንጎል የስብ ክምችት ሲቀንስ እንደ ረሃብ ዘመን ይቆጥረዋል። ሌፕቲን ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ሰውነትም ኃይል መቆጠብ ይጀምራል።

በአሜሪካ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። አብዛኞቹ ብዙውን ክብደት መልሰው ጨምረዋል። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይልም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር።

በረሃብ ላይ የሚሠሩ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ውጤት ያመጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የጥጋብን መልእክት ያጠናክራሉ። ሲቋረጡ ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ውፍረትን እንደ ደም ግፊት የረጅም ጊዜ ክትትል የሚፈልግ ሕመም አድርገው ያዩታል።

ሌሎች ምክንያቶች

• ማኅፀን ውስጥ ያለፈ ጊዜ፦ በ1944 እና 1945 በሆላንድ በደረሰው ረሃብ ወቅት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የተጎዱ ሕፃናት ካደጉ በኋላ ለውፍረት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል።
• እንቅልፍ ማጣት፦ ትንሽ የሚተኛ ሰው በማግስቱ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ይቸገራሉ።
• ጭንቀትና ድብርት፦ ብዙ ሰው ሲከፋው ይበላል፣ በተለይም ጣፋጭና ቅባት።
• መድኃኒት፦ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ኦላንዛፒን፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ እንዲሁም በአንዳንድ ሴቶች የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ።
• ሕመም፦ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የኮርቲሶል ሆርሞን መብዛትና ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ የተባለው የእንቁልጢ ችግር።

በኢትዮጵያስ?

በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶ ከሲታ ሲሆኑ፣ 8 በመቶ ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው። ውፍረቱ ከገጠር ይልቅ በከተማ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ሁለቱ ችግሮች አብረው ይኖራሉ።

የእኛ አነጋገርም ነገሩን ያወሳስበዋል። ለወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» እንላለን፤ ሲብስ ደግሞ «ሆዳም» እንለዋለን። የመጀመሪያው ችግሩን ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ሰውየውን ያሸማቅቃል። የሚሸማቀቅ ሰው ደግሞ ተደብቆ ይበላል፣ ከሐኪምም ይሸሻል።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉም ማብራሪያዎች እርስዎን የሚመለከተውን ለማግኘት እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱና ለሐኪምዎ ይንገሩ።

• ውፍረቱ መቼ ጀመረ? ከልጅነት ነው፣ ከወሊድ በኋላ ነው፣ ሥራ ከተቀየረ በኋላ ነው፣ ወይስ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ?
• በዚያ ወቅት የጀመሩት አዲስ መድኃኒት አለ?
• በቀን ምን ይጠጣሉ? ስንት ማንኪያ ስኳር?
• ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ያንኮራፋሉ?
• በቤተሰብ ውስጥ ውፍረት ወይም የስኳር በሽታ አለ?

ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይለውጡ። ለስላሳ መጠጥን በውኃ መተካት፣ በወጥ ውስጥ የሚገባውን ዘይት መለካት (በጾም ወቅትም ጭምር)፣ ከእራት በኋላ በእግር መሄድ ጥሩ ጅማሬ ናቸው። 82 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ ለጤናው በቂ ጥቅም ያገኛል።

ቤተሰብ ከሆኑ፣ ለታማሚው ብቻ የተለየ ምግብ ከማዘጋጀት የቤቱን ማዕድ በሙሉ ማሻሻል ይሻላል። «ብላ፣ አትብላ» እያሉ መቆጣጠርም አይጠቅምም።

መቼ ወደ ሐኪም መሄድ አለብዎ?

• በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ግልጽ ምክንያት ብዙ ከጨመሩ
• ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የፀጉር መሳሳት ካለ
• ፊት ከከበበ፣ በሆድ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ መስመሮች ከወጡ
• የወር አበባ ከተዛባ ወይም በፊት ላይ ፀጉር ከበቀለ
• ብዙ ውኃ የሚያስጠማና ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚያስሸና ከሆነ
• በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እንደሚቆራረጥብዎ ቤተሰብ ከነገረዎ

እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ላይ ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።