ውሾቹንስ ለማን?

የአንዳችን አያት መካነ ሰላም አጠገብ፣ ገጠር ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቻቸውን ስንል ከአራት ውሾች፣ ከሁለት ላሞችና ከጥቂት በጎች ጋር ማለታችን ነው። ክረምት በተቃረበ ቁጥር ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ይደውላሉ፤ «እማዬ፣ በቃሽ፣ እኛ ጋ ነይ።» መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ውሾቹንስ ለማን ልተዋቸው?»

እኛ የከተማ ልጆች እንስቅ ነበር። «ከልጅ ውሻ መረጡ» እያልን ቡና ላይ ተጫውተንበታል። ዛሬ ሳቃችን ያሳፍረናል። ለምን እንደሚያሳፍረን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ስለ ወሎ የተጻፈውን ብታገላብጡ የምታገኙት የሄደውን ሰው ነው። የተራበው፣ የሰፈረው፣ አረብ አገር የተሰደደው… ቤት ጠብቆ የቀረው ሰው ግን ከታሪኩ ውስጥ የለም። የቀረ ሰው ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። በዚያ አገር ግን መቅረት ራሱ ሥራ ነው።

ከክፉ ቀን እንጀምር። በ1880 ዓ.ም ገደማ የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፣ እስከ 1884 ዓ.ም ድረስም ሕዝብ አለቀ። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ዋጋ አጡ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እስከመሆን ደረሱ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት የሰበሰቧቸው የዘመኑ ምስክርነቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሩናል። ከብት ያጡ አውሬዎች ሰው ላይ ዞሩ፣ ጅብ የደከመውን ሰው ከነነፍሱ በላ። እንዲህ ባለ ዘመን ሰው የጎደለበት ቤት ውሻም ከሌለው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ወደ እናቶቻችን ዘመን እንምጣ። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬትን ከባላባት ነጥቆ ለአራሹ ሲሰጥ፣ ባለይዞታው በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ከለከለ። ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት፣ በሽተኛውንና አዛውንቱን ግን ከክልከላው ነፃ አደረገ። ሕግ አውጪዎቹ ገጠሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው። በደጋው ባህል ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ባሏን ያጣች ሴት ማሳዋን በሬ ላለው ሰው በእኩል ትሰጣለች፣ ግማሹ ምርት ይሄዳል። ደቦ ልጥራ ብትል ደግሞ ጠላውና እንጀራው ከማን ቤት ይወጣል?

በ1977 ዓ.ም ረሀቡ ሲበረታ ደርግ ሠፈራን አመጣ። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጋዘ፤ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ የሄደው ሄደ። ኋላ ከተመለሱት ብዙዎቹ ያገኙት መሬታቸው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት አጭር ነው፤ ከለቀቅክ የለህም! የ1998ቱ የአማራ ክልል የመሬት ሕግም ቢሆን መሬቱን ጥሎ ለዓመታት የጠፋን ሰው መብቱን ሊያሳጣው ይችል ነበር። ደግነቱ በዚያው ዘመን የታደለው የይዞታ ደብተር የሚስትንም ስም ከባል ጎን አሰፈረ። ግን ደብተር ማታ ጅብ አያባርርም።

ውሾቹ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። በጎቹ ግጦሽ ላይ ናቸው፣ ገብሱ ማሳ ላይ ነው፣ ጎተራው ደግሞ ቤት። ቀን ጭላዳ ዝንጀሮና ወፍ ሰብሉን ይከባሉ፣ ማታ ጃርትና ጅብ ይመጣሉ። ልጅ ያለው ቤት ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ ያወጣል። ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ከሆኑስ? አንዱ ውሻ ከበጎቹ ጋር ይወጣል፣ አንዱ ግቢ ይቀራል፣ ሌሎቹ ማታ ከበረቱ ዙሪያ ይተኛሉ። አንድ ውሻ ብቻውን ጅብ አይችልም። ነብር ደግሞ ውሻ ይወዳል፣ ለመብላት ማለታችን ነው! አያታችን አራት ውሾች ያኖሩት ስለሚወዷቸው ብቻ አልነበረም። አራት የጎደሉ ሰዎችን ተክተው ነው።

ይህን ያህል የሚሠራ ፍጡር በቤቱ ክብር የለውም። ክርስቲያኑ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አያስገባም፣ ሙስሊሙም ቤት ውስጥ አያስገባውም። ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ግን እስልምናም ፈቅዶለታል። በሁለቱም ጎረቤት ደጅ ላይ ፍርፋሪና አተላ እየበላ ያድራል።

ውሻ መዘዝም አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት የሚሰጠው ከበግ አንጎል ተዘጋጅቶ ነበር፤ የተነከሰ ሰው ቢያንስ ለ14 ቀናት በየቀኑ መወጋት ነበረበት። እኛ «ገጠሬው ሐኪም ቤት ትቶ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይሄዳል» ብለን እንፈርዳለን። እስኪ ብቻዋን የምትኖረውን ሴት አስቡ። 14 ቀን ከተማ ከተቀመጠች ላሞቹን ማን ያልባል? በጎቹን ማን ያስገባል? የመድኃኒት አዋቂው ሥር እኮ በአንድ ቀን ተወስዶ ይመለሳል። ጉዳዩ ካለማወቅ ይልቅ ጊዜ የማጣት ነው።

ሌላም አለ። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ ይገኛል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እዚያ ይኖራል። በአገር ደረጃ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም። ከትልልቆቹ ጠላቶቻቸው አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም መባቻ ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ታዲያ ከተማ ተቀምጦ «ውሾቹ ይወገዱ» ማለት ይቀላል። ውሾቹን ስታስወግዱ ግን የዚያችን ሴት እጆች እየቆረጣችሁ ነው። ባሌ ላይ ለዓመታት እንደተሠራው ክትባቱን ደጃፏ ድረስ ማድረስ ይሻላል። ቀበሮውም ይተርፋል፣ እሷም ትተርፋለች።

አያታችን ካረፉ ቆይተዋል። ውሾቹን ጎረቤት ተከፋፈላቸው። መሬቱ ግን አልጠፋም፣ ዛሬም በቤተሰቡ ስም ነው። አዲስ አበባ ሆነን «አገር ቤት መሬት አለን» ብለን የምንኮራው ሴትየዋ እምቢ ብለው ስለቀሩ ነው። «ውሾቹንስ ለማን?» ሲሉ ስለ ውሾቹ ብቻ እየጠየቁ አልነበረም። ቤቱን፣ በረቱን፣ ማሳውን፣ የእኛንም ድርሻ ለማን ልተወው ማለታቸው ነበር። ከመካከላችን «ለኔ» ያለ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍም የጻፍነው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእሳቸው ውሾች ግን በሰዓቱ ይጮሁ ነበር።