የሃዛራዎች መከራና የመንግሥታት ምላሽ

በአፍጋኒስታን መካከል በሃዛራጃት ተራሮች የሚኖረውን የሃዛራ ሕዝብ፣ አሚር አብዱር ራህማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1891 እስከ 1893 ዘምቶበት ርስቱን ሲነጥቀው፣ ሴቱና ሕፃኑም በካቡል ገበያ ለባርነት ሲሸጥ፣ ለአሚሩ በየዓመቱ 1,200,000 ሩፒ ይሰፍርለት የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ። ከሰይፍ የተረፉት ወደ ኩዌታና ወደ መሽሐድ ተሰደዱ፤ ያው መንግሥት ግን በ1904 ከስደተኞቹ ወታደር መልምሎ በስማቸው የጦር ክፍል አቆመ።

በ1998 ታሊባን መዛር ሸሪፍን በያዘ ጊዜ ሃዛራዎች ከየቤታቸው እየተለቀሙ ተፈጁ፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያው ወር፣ በቁጥር 1193 ውሳኔው፣ እንደ ሃዛራዎቹ ባሉ ሺዓዎች ላይ ስለሚፈጸመው በደል ስጋቱን ገለጸ፤ ሕዝቡን የሚጠብቅ ኃይል ግን አልተላከም። በ2001 መባቻ የሃዛራዎች መኖሪያ በሆነችው በያካውላንግ ንጹሐን በታሊባን እጅ ተረሸኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በባሚያን ከገደል የተፈለፈሉት የቡድሃ ምስሎች እንዲፈርሱ በታወጀ ጊዜ፣ ዩኔስኮ መልእክተኛ ላከ፣ መንግሥታትም ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ተማጸኑ። ያ ሁሉ ልመና ለዚያ ድንቅ ጥበብ የሚገባ ነበር፤ በሥሩ ይኖር ለነበረው፣ በአርአያ እግዚአብሔር ለተፈጠረው ሰው ግን ያን ያህል ድምፅ አልተሰማም።