ሸካራ ተደራቢ በዲጂታል ስክራፕቡክ

ሸካራ ተደራቢ በኮምፒውተር በተሠራ የስክራፕቡክ ወረቀት ላይ የጨርቅ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ የልስን ወይም የአሮጌ እንጨት ገጽታ እንዲታይ ከላይ የሚነጠፍ ምስል ነው። ስክራፕቡክ የቤተሰብ ፎቶን ከጽሑፍና ከጌጥ ጋር አቀናብሮ በአልበም የማስቀመጥ ልማድ ነው። ለዘመናዊ መልኩ መነሻ ተደርገው የሚጠቀሱት፣ አሜሪካዊቷ ማሪየለን ክሪስተንሰንና ቤተሰቧ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ በተካሄደ የመዛግብት ጉባኤ ላይ ያሳዩዋቸው ከ50 በላይ አልበሞች ናቸው። ዲጂታሉ መቀስና ሙጫን በፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ተካ።

በኮምፒውተር የተሠራ ወረቀት ችግሩ ልሙጥነቱ ነው። እውነተኛ ወረቀት ቃጫ ስላለው ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ቦታ ይፈካል፣ ሌላው ይጠቁራል፤ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ቀለም የተሞላ ገጽ ግን ይህ የለውም። ከተደራቢው የሚፈለገው ይኸው የብርሃንና የጥላ ልዩነት እንጂ ቀለም አይደለም። ስለዚህ ፎቶው አስቀድሞ ወደ ግራጫ ይቀየራል። ቡናማ እንጨት ከነቀለሙ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ቢደረብ ሰማያዊው ይደፈርሳል።

ሥራው የሚከናወነው በሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ በሚነጠፍ የምስል ንጣፍ ነው፤ የፎቶ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ፎቶሾፕ ሌየርን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ወረቀቱ ከታች፣ ሸካራው ከላይ ይሆንና የላይኛው ሌየር ብሌንዲንግ ሞድ፣ ማለትም ከታችኛው ጋር የሚዋሐድበት ስልት፣ ይቀየራል። መልቲፕላይ የተባለው ስልት የሁለቱን ፒክስሎች ዋጋ አባዝቶ የንጹሕ ነጭ ዋጋ ለሆነው 255 ያካፍላል፤ 230 ከ204 ጋር ሲገናኝ 184 ይሆናል። ስለዚህ ያጠቁራል እንጂ አያፈካም። ስክሪን ተቃራኒው ነው። ኦቨርሌይ ሁለቱን አጣምሮ ይዟል፦ ወረቀቱ ከመካከለኛ ግራጫ በጠቆረበት እንደ መልቲፕላይ፣ በፈካበት እንደ ስክሪን ያሰላል። ሶፍት ላይት ለዘብ ያለው ዓይነት ነው።

በኦቨርሌይም በሶፍት ላይትም 50 በመቶ ግራጫ ምንም ለውጥ አያመጣም። ጥሩ ተደራቢ የሚባለውም አማካይ ድምቀቱ እዚያ አካባቢ የሚያርፈው ነው። ፎቶው በአንድ ጎን ፈክቶ በሌላው ከጨለመ፣ ሃይ ፓስ የተባለው ፊልተር ሰፊውን የብርሃን ልዩነት አጥፍቶ ጥቃቅኑን ሸካራነት ብቻ በመካከለኛ ግራጫ ላይ ይተወዋል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ይዘሉታል፤ ወረቀታቸው ያለ ምክንያት አንድ ጥግ ላይ የሚጠቁረው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጀማሪን ያደናግራል። ኦቨርሌይና ሶፍት ላይት ንጹሕ ነጭንና ጥቁርን ስለማይነኩ ተደራቢው ጭራሽ የሌለ ይመስላል። ነጩ ላይ መልቲፕላይ፣ ጥቁሩ ላይ ስክሪን ይሠራል፤ ወይም ወረቀቱን ጥቂት ክሬም ማድረግ ይበቃል። በነጻ የሚገኘው የፎቶ ማቀናበሪያ ጊምፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ ኦቨርሌይ የሚለው ስሌት በስህተት ከሶፍት ላይት ጋር አንድ ሆኖ ቆይቶ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2018 በ2.10 እትም ነው። ለፎቶሾፕ የተጻፈ መመሪያ በቀድሞው ጊምፕ ሲሞከር ውጤቱ የሚለዝበው ለዚህ ነበር።

የተለመደው ገጽ 12 በ12 ኢንች ነው፤ ለኅትመት በሚመረጠው 300 ፒክስል በኢንች 3600 በ3600 ፒክስል ይሆናል። በዚሁ 300 ፒክስል በኢንች ስካን የተደረገ ጨርቅ ሳይለጠጥ ቢደረብ ክሩ ሲታተም በእውነተኛ ውፍረቱ ይወጣል። ትንሽ ፋይል ሲለጠጥ ግን ክሩ ገመድ ያህላል፣ ይደበዝዛልም። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ቢመጣ ይመረጣል፤ ከፊት የሚመታ ብርሃን ሸካራውን ያስተኛዋል። የብርሃኑ አቅጣጫ ገጹ ላይ ካሉት ጌጦች ጥላ ጋር መስማማትም አለበት።

የተደራቢው ኦፓሲቲ፣ ማለትም የታችኛውን የሚሸፍንበት መጠን፣ በ100 በመቶ መተው ያለበት እምብዛም ነው፤ ከፎቶው ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ሸካራ በዝቷል ማለት ነው። ተደራቢው ለብቻው ለሌላ ሥራ ሲቀመጥና የታችኛውን የሚያሳልፉ ክፍሎች ሲኖሩት የፒኤንጂ ፋይል ያስፈልገዋል፤ ያለቀለት ወረቀት ግን በጄፔግ ይበቃዋል።